ደላላው ያመጣው መርማሪ

ግድግዳ በጭንቅ የተጮኸን ድምፅ ይዞ ማስቀረትና ቆይቶ መልሶ ማሰማት ከጀመረ ወዲህ፣ ያለ መርማሪ ቤት የሚገዛ የለም። እህቴ ትርሲት «መርማሪውን ራሳችሁ ፈልጉ፤ ደላላ የሚያመጣው ሰው የደላላው ነው» ብላን ነበር። ደላላው ጋሽ ውብሸት ግን የባለቤቴ የመርድ የሰፈር ሰው ናቸው፤ ይሉኝታ ያዘን።

ያመጡት መርማሪ ሳሎኑንና መኝታ ቤቶቹን ጆሮውን ግድግዳ ላይ ለጥፎ አዳመጠ። ኩሽናውን ግን ከበሩ ላይ ቆሞ አየት አደረገና «ንጹሕ ቤት ነው» አለ።

«እሱንም ቢሰሙልን» ልል ስል መርድ ክንዴን ያዘኝ።

«ተይ፣ ጋሼን ማሳፈር ይሆናል» አለኝ በሹክሹክታ። ተውኩት።

በገባን ማግስት ኩሽና ውስጥ እራት አቅርቤ ልጄን ጠራኋት።

«ሶስና፣ ነይ ብዪ!»

ከምድጃው ጀርባ ካለው ግድግዳ የማላውቃት ሴት ጮኸች፤ «አትምጪ ልጄ! አባትሽ ቢላ ይዟል፣ ሩጪ!»

ሶስና በባዶ እግሯ እስከ አስፋልቱ ሮጠች።

ከዚያ ወዲህ መርድ ቢላ አይነካም፤ ዳቦ እንኳ በእጁ ነው የሚቆርሰው። ልጄ ግን ለእራት በጠራኋት ቁጥር፣ ጫማዋን እንዳሰረች ኩሽናው በር ላይ ትቆምና ትጠይቀኛለች።

«አባዬ የት ነው?»