መሰረዣ የሌለው መዝገብ

ከማል ቅናቱን ሥራ ወዳድነት ይለዋል። ሙሚና ከተቀጠረች ወዲህ ግን ይኸው ሥራ ወዳድነቱ እንቅልፍ ነስቶታል።

ከሚሴ አስፋልቱ ዳር ያለችው ትንሽ የሶፍትዌር ድርጅት ለጨፋ ሸለቆ ከብቶች የክትባት መዝገብ ልትሠራ ነው። ሥራ አስኪያጁ በድሩ፣ ፕሮግራሙ ከዳታቤዙ ጋር የሚገናኝበትን ኢንተርፌስ በደንብ የመረጠ ሰው ቡድኑን ይመራል ብሏል። ከማል ይህን ቦታ አራት ዓመት ጠብቆታል።

ሰፊውን ኢንተርፌስ መረጠ፤ ማስቀመጥ፣ መፈለግ፣ በጅምላ መሰረዝ ሁሉ ያለበትን። ፕሮግራሙ የሚሠራበት ፍሬምወርክ ሁሉን አዘጋጅቶ ከሰጠ ምን ያስጨንቃል?

ሙሚና ምንም ትእዛዝ ያልተጻፈበትን ባዶውን መረጠች። «የሚያስፈልገንን ብቻ እንጽፍበታለን» አለች። «የክትባት መዝገብ አይሰረዝም፤ ስለዚህ መሰረዣ አይኑረው። የሌለ ነገር በስህተት አይነካም።»

በድሩ ፈገግ አለ። ከማል በአራት ዓመት ውስጥ ያን ፈገግታ አግኝቶ አያውቅም።

ምሳ ላይ ቤት፣ አብራው ሶፍትዌር የተማረችው ባለቤቱ ሳቢራ ልጃቸውን እንዳቀፈች፣ «የቱን መረጣችሁ?» አለችው።

«አሁንም ክፍል ውስጥ ያለን መሰለሽ?» ብሎ መብላቱን ቀጠለ።

ጠዋት ጠዋት ባጃጁ ሲያወርደው ሙሚና ደረጃው ላይ ስልክ ታወራለች። አንድ ቀን ገና ስትጀምር ደረሰ።

«አከም ጅርታ?» ብላ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጠች፤ «ወጣ?» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ከዚያ ስለ ኢንተርፌሱ እየጠየቀች ደብተሯ ላይ መጻፍ ያዘች።

ከማል ነገሩ ገባው። አዲስ አበባ ያለ አንድ ጎበዝ፣ አለቃው ወጣ ሲልለት እየተደበቀ ይነግራታል። ሰውየውን ሳያየው ጠላው። እንዲህ ያለ ጭንቅላት ለምን ለእሱ አልተሰጠውም?

ውሳኔው በሚሰጥበት ጠዋት፣ ገና ስብሰባው ሳይጀመር ተነሣ።

«ሐሳቡ የሷ አይደለም። ወላሂ፣ የሚነግራት ሰው አላት። ትደውልለትና ሁላችንም እንስማው።»

«እውነት ነው?» አለ በድሩ።

«የሚያግዘኝ ሰው አለ» አለች ሙሚና። «ስም እንዳላነሳ ግን ቃል ገብቻለሁ። ከማል፣ ተው ይቅርብህ።»

«ደውይ» አላት ከማል።

«ደውይ» አለ በድሩም። «እንዲህ የሚያስብ ሰው ካለ ቀጥሬው ቡድኑን ለሱ እሰጣለሁ።»

ከማል ፊቱ በራ። ቦታው ለማንም ይሁን፣ ለሙሚና ብቻ አይሁን። ሙሚና ደወለችና ስፒከሩን ከፈተች።

«ወዬ ሙሚና» አለች ሳቢራ፤ «ከማልን ሸኝቼዋለሁ፣ ልጁም ተኝቷል፤ እንቀጥል።»