በጠርዙ የተያዘ ሳንቲም

በአሜሪካ ኦሃዮ፣ በአንድ ባዛር፣ ሳንቲም ነጋዴው ሄርሸል፣ ሎሬታ ልትሸጥ ያመጣችለትን የአባቷን ሳንቲሞች መዳፉ ላይ እንደ ባቄላ ሲያፍስ ቆይቶ፣ አንዱ ላይ ሲደርስ አጉሊ መነጽሩን አነሳ።

«እትዬ፣ የዚህ ሳንቲም ፊደል ተደርቦ የታየው በጉዳት ነው» አላት። «ውድ የሚሆነው ማተሚያው ራሱ ሁለቴ ተቀርጾ ቢሆን ነው፤ ያኔ ሁለቱም ፊደል ጉብ ይል ነበር። የእርስዎ ግን አንዱ ጠፍጣፋ ነው፤ ማተሚያው ሲመታው ተንሸራቶ የተላጠ። ከሌሎቹ ጋር ደባልቄ ልውሰድልዎት?»

ደሟ ፈላ። «ምንም አታውቅም ብለህ ነው?»

«አይ እትዬ! ማስቲካ እንኳን አይገዛም።»

እጇን ዘረጋች፤ አልመለሰላትም። ያኔ ጣቶቹን አየች። አባቷ ውድ ሳንቲም የሚይዘው፣ የጣቱ ላብ የሳንቲሙን ገጽ እንዳያበላሸው በጠርዙ ብቻ ነበር። ሄርሸልም የናቀውን ሳንቲም በሁለት ጣቱ ጫፍ፣ በጠርዙ ይዞታል።

«ለተላጠ ሳንቲም ነው እንዲህ የምትሳሳለት?» አለችው። «አምጣ!»