እናቴ እስክትቆጣኝ

ዘንድሮ ማንም የማንንም ድምፅ አስመስሎ ይሠራል። ስለዚህ ያገለገለ ስፒከርና ሄድፎን በምንለዋወጥበት ግሩፕ ሕጉ አንድ ነው፤ ሰው መሆንሽ የሚታመነው በቪዲዮ እያወራሽ ቤተሰብ ድንገት ሲቆጣሽ ነው።

የጅማው ከድር ሄድፎኑን በስፒከሬ ሊለውጠኝ መስመር ላይ ነው። ስፒከሩን እስከ ጥግ ለቀቅኩት።

«ከድሬ ቆይ፣ አሁን ትመጣለች!»

ሁለተኛው ዘፈን ተጀመረ። እግሬ አላርፍ አለ።

«አንቺ፣ ለመሆኑ እናት አለሽ?» ብሎ ሳቀ።

በሩ ተበረገደ። እማዬ ናት። ሌቦች ድምጿን ቀድተው አስመስለው አክስቴን ካታለሉ ወዲህ ስልክ ባለበት ትንፍሽ አትልም። ብትናደድ ያመልጣት ይሆናል ብዬ ነበር። እሷ ግን ወረቀት ደቀነችብኝ፦ «ቀንሺው! ደንቆሮ!»

ወረቀቱን ለከድር አሳየሁት። ሳቁ ቆመ።

«የኔም እናት በወረቀት ነው የምትቆጣኝ» አለ። «በይ ላኪ፣ እኔም እልካለሁ።»

ስፒከሩን ነቀልኩት። ቤቱ ጭጭ አለ።