የፊልሙ ዘፋኝ

ሙዚቃዊውን ተውኔት መድረክ ላይ እያለ ደጋግሞ ያየው ወጣት፣ ፊልም ሆኖ ሲመጣ ደሙ ፈላ። የመድረኳን ዘፋኝ እትዬ ዘርትሁንን አስቀርተው አንዲት ቆንጆ ልጅ ተክተዋል። ፌስቡክ ላይ፣ «ይቺ ዘፈነች ወይስ ባዶ ጀሪካን ጎተተች?» ብሎ ጻፈ። የተውኔቱ አድናቂ ሁሉ እየሳቀ ተቀባበለው፤ የልጅቷም ስም «ጀሪካኗ» ሆኖ ቀረ።

ሰንበትበት ሲል ግን የሰው ልጅ ማዋረዱ ውስጥ ውስጡን በላው። ልቡ እንዲያርፍለት እትዬ ዘርትሁንን ቴአትር ቤቱ በር ላይ ጠብቆ፣ «ጀሪካን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ለእርስዎ ተቆርቁሬ ነው» አላቸው።

እትዬ ዘርትሁን አንገታቸው ላይ የጠመጠሙትን ሻርፕ ነካካ አደረጉት።

«ልጅቷማ ምን አጠፋች» አሉት ቀስ ብለው። «እሷ አፏን ነው ያንቀሳቀሰችው። የዘፈንኩት እኔ ነኝ፤ ከጉሮሮ ኦፕራሲዮኑ በኋላ።»