የከሸፈችው ጥይት

ቀበሌው መሣሪያ ያለው ሁሉ ያስረክብ ስላለ፣ ፈለቀች ወታደር የነበረውን ወንድሟን መኩሪያን ቡልቡላ ወዳለው ቤቷ አስጠራችው። መኩሪያ የጤፍ ጆንያ ውስጥ የተቀበሩትን የባሏን ጥይቶች እያወጣ ጋቢ ላይ ደረደራቸው። ባሏ ከእስር ከተፈታ ወዲህ ቃል ተንፍሶ አያውቅም፤ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ አየር ማረፊያው ላይ የሚያርፉትን አውሮፕላኖች ያያል።

መኩሪያ እያንዳንዱን ጥይት ጫፉን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቂጡን ይመረምር ነበር። የዛገውን ወደዚያ፣ ደህናውን ወደ እህቱ ገፋ። አንዷን ግን ደጋግሞ አያት፤ ቂጧ መሀል ላይ ተሰርጉዷል።

«ይቺ ተሞክራ ከሽፋለች» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የተመታችበት ቦታ ገና ያብረቀርቃል፤ ቅርብ ጊዜ ነው። ጠመንጃውን ማን ነካው?»

ፈለቀች የዚያን ዕለት ጎህ ሲቀድ ቀጭ ያለ ድምፅ ሰምታ ነበር። የበሩ መቀርቀሪያ መስሏት፣ ባዶውን የባሏን ቦታ በእጇ ዳብሳ መልሳ ተኝታለች።

«ፈለቀች» አለ አንድ ድምፅ ከደጅ። የባሏ መሆኑን ለማወቅ ጊዜ ወሰደባት። «ስንቱ ጥይት ይተኩሳል?»

ደህናዎቹን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች።

«አንዱም አይተኩስም» አለችው።