ደህናው ጎማ

«ፍታው አልኩህ እኮ፣ ኑሪ!»

ጎሚስታው ኑሪ የብሎን መፍቻውን ይዞ አንዴ እኔን፣ አንዴ ባሌን ያያል። ባሌ ኦልጅራ የመኪናው የፊት እግር ሥር ቁጢጥ ብሎ፣ አዲሱን ጎማ በመዳፉ ይዳብሳል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጠዋል።

«እትዬ ዓለሚቱ፣ ሰው አሮጌ አስወልቆ አዲስ ያስገጥማል። አዲስ አስወልቆ ጥርሱ ያለቀ ላጭ የሚያስገጥም ዛሬ በአንቺ አየሁ። ወላሂ!»

«ካየህ እሰየው። አሁን ፍታ።»

ስድስት ጎማ ነው። ለስድስቱ ሁለት ዓመት ሙሉ የባለመኪኖች ማኅበር በር ላይ ወረፋ ጠብቀናል። ከመጋዘን የወጣ ዕለት አብሬው ነበርኩ። ሌላው ሹፌር የሰጡትን ተቀብሎ ይሄዳል፤ የእኔው ሰውዬ ግን አንድ በአንድ እያገላበጠ፣ ጥርሱን በጣቱ እየለካ፣ ጎኑን በጥፍሩ እየጫረ የመጋዘኑን ሠራተኛ ግማሽ ቀን አቆመው። ይሄ ለጭቃ እንጂ ለአስፋልት አይሆንም፤ ያኛው በጋውን ሄዶ ሄዶ ሐምሌ ላይ ይከዳል። በመጨረሻ ክረምት ከበጋ የማይለውን አገኘሁት ብሎ ስድስቱን ሲጭን እንደ ልጅ ሳቀ። የሠርጋችን ዕለት እንኳ እንዲያ አልሳቀም። «አምስት ክረምት ያከርመናል፣ ዓለሜ» አለኝ።

ባከረመን ደስ ባለኝ። ግን ትናንት የቀበሌው ተላላኪ መጣ። መካኒሳ ያለ የጭነት መኪና ሁሉ ዛሬ አራት ሰዓት አቦ ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት ሜዳው ላይ ተሰልፎ ይታያል። ለዘመቻ የሆነው ስንቅ ጭኖ ወደ ሰሜን ይሄዳል፤ ያልሆነው ይቀራል። አምና የጎረቤታችን የሮበሌ መኪና ጎማው አዲስ ነውና መረጡት። ባለመኪናው አብሮ ነው የሚሄደው። ሮበሌ ይኸው እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ኦልጅራ ሦስት ጊዜ ዘምቶ ሦስት ጊዜ መጥቷል። አራተኛውን እኔ አልችልም። ውሻ በጮኸ ቁጥር ብድግ ማለት፣ ሬዲዮ ላይ መለጠፍ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ስለት መሳል፤ ደክሞኛል በቃ።

«በዚህ ላጭ በዝናብ የጊቤን ቁልቁለት ልወርድ ነው?» አለ ኦልጅራ በመጨረሻ።

«ማን ውረድ አለህ? ቁም! ክረምቱን ቤትህ ቁጭ በል። እኔ ጎመን ሸጬ አበላሃለሁ።»

«ማሎ፣ እባክሽ ዓለሚቱ! ሰው ምን ይላል?»

«ያሻውን ይበል። መርዶህን ከምሰማ ሐሜትህን ልስማ።»

ኦልጅራ አዲሱን ጎማ አንዴ ደግሞ ዳበሰው። ከዚያ ተነሣና እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ለኑሪ ራሱን ነቀነቀለት።

ኑሪ ለበረባሶ ሰፊ ሊሸጣቸው ያስቀመጣቸውን የእኛኑ አሮጌ ጎማዎች ከጓሮ እያንከባለለ አመጣ። ጥርስ የሚባል የላቸውም፤ አንዱማ ሽቦው አፍጥጧል። አዲሶቹን ጓዳ አስገብተን ጆንያ አለበስናቸው። የመጨረሻው ብሎን ጠብቆ ገና ወገባችንን ሳናቀና አንድ ጥቁር ጃንጥላ በሩን ሞላው።

ጓድ አምሐ ነው፤ የዘመቻው መዝጋቢ። ዶሴውን በላስቲክ ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ይዟል። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው፤ ዓይኑም እንቅልፍ አላየም።

«ሜዳው ረግረግ ሆነ» አለ። «በያላችሁበት ልይ ብዬ ነው።»

መኪናውን ዞረው። የኋላውን ጎማ በጫማው መታ መታ አደረገ። «ይሄ ጎማ ነው ወይስ የተላጨ ራስ?»

«ምን እናድርግ ጌታዬ፣ ጎማ ከየት ይመጣል?» አልኩ። ስዋሽ ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

ዶሴውን ገልጦ አንድ መስመር ሰረዘ። «መኪናው አይሆንም።»

አቦዬ! ስለትህን ራሴ ተሸክሜ አመጣለሁ! ኑሪን ቀና ብዬ ላየው ፈራሁ፤ ካየሁት ሳቅ ያመልጠኛል።

ጓድ አምሐ ግን አልሄደም። ብዕሩን እንደያዘ ወደ ባሌ ዞረ።

«መንጃ ፈቃድህ ስንተኛ ነው?»

«አምስተኛ።»

«ስንት ዓመት ነዳህ?»

«አሥራ ዘጠኝ» አለ ኦልጅራ። ይህን ሲጠየቅ ደረቱን መንፋት አመሉ ነው።

«ጤናስ? ደህና ነህ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን! በጣም ደህና ነኝ፣ ጓድ። እርስዎስ?»

ጓድ አምሐ ጻፈ።

ሌሊቱን ኩላሊቴን እያለ ግድግዳ ሲቧጥጥ ያደረ ሰው! ጨው በጨርቅ አሙቄ ወገቡ ላይ ስይዝለት ያነጋሁት እኔ! «ኧረ ያመዋል!» ብዬ ጮኽኩ። «ኩላሊት አለበት! ሰላምታ መስሎት ነው፣ ጌታዬ፣ ሰላምታ መስሎት ነው የመለሰው!»

«ራሱ ነው ደህና ነኝ ያለው፣ እህቴ።» ድምፁ ቁጣ የለበትም፤ እንደ እኔው የደከመው ሰው ነው። «መኪናማ እዚያ ሞልቷል። ያለቀው የሚነዳው ነው። ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ቀበሌ ይገኝ፤ ብርድ ልብስ ይያዝ።»

ጃንጥላውን ዘርግቶ ወጣ።

ኦልጅራ እጁ ተንጠልጥሎ ቀረ። «ታዲያ ምን ልበለው?» አለኝ። «ሰው ጤናህን ሲልህ ምን ይባላል?»

 እዚያው መሬት ላይ ዘጭ አልኩ። ኑሪ መፍቻውን ጥሎ መጣና ክንዴን ያዘኝ።

«እትዬ ዓለሚቱ! ደህና ነሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩት።