የረቡዕ እግር

ልዑልቃል ሁለት ዓይነት እግር ነበረው፤ የእሁድና የረቡዕ።

እሁድ ከሰዓት የሰሜን ለንደን የሐበሻ ልጆች ፓርክ ተሰብስበው ሲጫወቱ፣ ጊታሩን ዛፍ ሥር ያስቀምጣል፣ ክራቫቱን ፈትቶ ኪሱ ይከታል፣ ከዚያ በኋላ የሚይዘው የለም። ሁለት ሦስት ሰው ያልፍና በረኛውን አስተኝቶ ኳሷን በሁለቱ ጃኬቶች መካከል ያሳልፋታል።

ረቡዕ፣ የዩኒቨርሲቲዎች ውድድር በሚካሄድበት ቀን ግን፣ እግሩን ከሌላ ሰው የተዋሰው ይመስላል።

በመስከረም ከቴምስ ወንዝ ማዶ ካለ ዩኒቨርሲቲ ተዛውሮ ሲመጣ፣ ከሁሉም በላይ የተደሰተው የአዲሱ ዩኒቨርሲቲው የእግር ኳስ ቡድን አምበል ጊዲዮን ነበር። ጊዲዮን ኬንቲሽ ታውን ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው። እስከዚያ ድረስ በቡድኑ ውስጥ አማርኛ የሚያወራው ከበረኛው ከዐብዱ ጋር ብቻ ነበር። አሁን ሦስት ሆኑ፤ ሦስተኛው ደግሞ ጎል አግቢ ነው።

በመጀመሪያው ጨዋታ ልዑልቃል ባዶ ጎል ሳተ። በእረፍት ሰዓት የተቆራረጠ ብርቱካን ሲታደል፣ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። አልበላም።

ጊዲዮን አጠገቡ ቁጭ አለ።

"ምን ሆነሃል?"

ጊዲዮን ብርቱካኑን አየ፣ ቀኑን አሰበ፣ ክው አለ።

"እንዴ! ረቡዕ! ጾመህ ነው?"

ልዑልቃል ቀና ብሎ ለአፍታ አየው።

"እ... አዎ። ጾም ላይ ነኝ።"

"ታዲያ ቀድመህ አትናገርም?"

"ማን ይረዳኛል ብዬ፣ ብሮ?"

ጊዲዮን አፉ ውስጥ የነበረውን ብርቱካን መዋጥ አቃተው። እናቱ ወይዘሮ ጸዳለ፣ ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል የማይቀምስ ልጅ ያላት ይመስላታል። እሱ ደግሞ ያን ቀን ጠዋት ሁለት የእንቁላል ሳንድዊች በልቶ ነበር የወጣው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የልዑልቃል ጠበቃ ሆነ።

ጠበቃ ደግሞ ያስፈልገው ነበር። የለንደን ብርድ እየገፋ ሲሄድ ቡድኑ በደረጃ ሰንጠረዡ ቁልቁል ተንሸራቶ ከልዑልቃል የድሮ ዩኒቨርሲቲ ጋር ታች ተገናኘ። ከሁለቱ አንዱ መውረዱ አይቀርም።

"ይሄ ልጅ ልቡን ማዶ ትቶት ነው የመጣው" አለ ዐብዱ፣ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ።

"ጾመኛ ነው አልኩህ እኮ!"

"እኔስ? ረመዳን ውሃ ሳልጠጣ ስንቱን ኳስ አዳንኩ! የእሱ ጾም እግር ብቻ ነው የሚይዘው?"

"አንተማ ቆመህ ነው የምትውለው። አጥቂ ይሮጣል።"

"ቆሜ? እናንተ ማግባት ስላቃታችሁ እኮ ነው እኔ ጭቃ ላይ ስንከባለል የምውለው!"

የመጨረሻው ጨዋታ ከማዶው ቡድን ጋር ነበር። አቻ ከወጡ ይተርፋሉ፤ ከተሸነፉ ይወርዳሉ። አሠልጣኙ ልዑልቃልን ተጠባባቂ ሊያደርገው ቆርጧል። ጊዲዮን ቢሮው ድረስ ሄዶ ተሟገተ። ዐቢይ ጾም ምን እንደሆነ አስረዳ። አልሆን ሲለው የአምበልነቱን የክንድ ማሰሪያ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

"እሱ ካበላሸ ይሄን ለሌላ ሰው ስጠው።"

አሠልጣኙ ማሰሪያውን መልሶ ወረወረለት። "እሺ። ያልከውን እንዳትረሳ።"

ጊዲዮን በዚህ አላበቃም። ጨዋታው ከስምንት ሰዓት ወደ አሥር ሰዓት እንዲገፋ ለማዶው አምበል ደወለ። ብዙ ይከራከረኛል ብሎ ተዘጋጅቶ ነበር። ልጁ ግን "ለልዑልቃል ከሆነማ ምን ችግር አለው!" ብሎ ሳቀ።

እንዴት ያሉ ጨዋ ልጆች ናቸው፣ አለ ጊዲዮን በልቡ።

በጨዋታው ቀን ጠዋት እናቱን የጾም ሳንድዊች እንድትሠራለት ጠየቃት። "ለጓደኛዬ ነው እማዬ። የሚጾም ልጅ ነው።"

"እሰይ! እንዳንተ ያለ ጓደኛ ነው የሚያስፈልግህ" አለች ወይዘሮ ጸዳለ፣ ምስሩን ዳቦው ውስጥ እየጠቀጠቀች። ጊዲዮን የታሰረ ጫማውን ፈትቶ እንደገና ማሰር ጀመረ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ልዑልቃል ሳንድዊቹን ሙልጭ አድርጎ በላ። "እናትህን አመስግንልኝ፣ ብሮ" አለ ጣቱን እየላሰ።

እስከ መጨረሻው ደቂቃ ሁለት ለሁለት ነበሩ። ልዑልቃል ለመከላከል ወደ ኋላ ተመልሶ ኳሷን አገኘ። የሚያሯሩጠው ሰው አልነበረም። ወደ ዐብዱ ሊመልሳት ነካ አደረጋት፤ ኳሷም መንገድ ላይ ደከማት። የማዶው አጥቂ እዚያው ቆሞ ሲጠብቃት የነበረ ይመስል ተቀበላትና መታት።

ሦስት ለሁለት። ወረዱ።

ዐብዱ ጓንቱን መሬት ላይ ወረወረ። "አሁንስ? አሁንም ርቦት ነው?"

"ቅድም ማብላት አልነበረብኝም" አለ ጊዲዮን። "እግሩ ከብዶት ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

የማዶ ልጆች እየሮጡ መጥተው ልዑልቃልን አቀፉት። በሽንፈቱ ቀን እንኳ እንዲህ የሚያጽናኑት ጓደኞች እንዳሉት ሲያይ ጊዲዮን ዕንባው መጣ። ማሰሪያውን ፈትቶ ለአሠልጣኙ ሰጠ።

ማታ ቤት ገብቶ ባዶውን የምሳ ዕቃ ማጠቢያው ላይ አኖረ። ወይዘሮ ጸዳለ ቧንቧውን ከፍታ ሰሃን ታጥባለች።

"ተሸነፋችሁ እንዴ?"

"ወረድን። አምበልነቴም ቀረ። ግን በልጁ አትፍረጂበት እማዬ። ዓመቱን ሙሉ እየጾመ ነው የተጫወተው።"

"ምስኪን! የማን ልጅ ነው? ቤተ ክርስቲያን አይቼው ይሆናል።"

"ልዑልቃል ይባላል። ቶተንሃም ነው ቤታቸው። አባቱ ካሳዬ የሚባሉ ናቸው።"

ወይዘሮ ጸዳለ ቧንቧውን ዘጋችው።

"የፓስተር ካሳዬ ልጅ? እነሱ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ረቡዕ የሚጾሙት?"